ከሐይቁ ሥር የወጣችው ነጭ መስመር

እናቴን ፍሪጅ ውስጥ ቆልፈውባት ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ አስተማሪያችን «ወላጆቻችሁ ምን ይሠራሉ?» ብላ በጠየቀችበት ቀን፣ ተራዬ ሲደርስ ተነስቼ የተናገርኩት ይህንኑ ነው። ልጆቹ ሳቁ። አስተማሪዋ ግን አልሳቀችም፤ በእረፍት ሰዓት ወደ ጠረጴዛዋ ጠርታ፣ ቤት ውስጥ ችግር ካለ እንድነግራት በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀችኝ። ቤት ውስጥ ምንም ችግር የለም፣ ችግሩ መሥሪያ ቤት ነው አልኳት። ፍሪጁም የኩሽና ፍሪጅ እንዳይመስላት ብዬ፣ የእኛን ክፍል እንደሚያክልና በሩ ብረት እንደሆነ አስረዳኋት።

እየዋሸሁ አልነበረም። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ገጣጥሜ የደረስኩበት ነገር ነው። «ልጅ ስለነበርሽ አልገባሽም» የሚለኝ ሰው እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል። ገብቶኝ ነበር፤ የገባኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

እናቴ የሥነ ምድር ተመራማሪ ነበረች። የሙያ ጓደኞቿ ድንጋይ ሲወዱ እሷ የምትወደው ጭቃ ነበር። በጀልባ ሐይቅ መሃል ገብተው ረጅም ቱቦ እስከ ወለሉ ይሰኩና፣ ጭቃውን እንዳለ፣ ሳይናወጥ ያወጡታል። ከላይ ያለው የቅርብ ዘመን ነው፣ ከታች ያለው የጥንት። ዝናብ የበዛበት ዓመት አንድ ዓይነት ጭቃ ጥሎ ያልፋል፣ ዝናብ የጠፋበት ደግሞ ሌላ ዓይነት። እናቴ ቀለሙንና ውፍረቱን አይታ፣ ከውስጡም ደቃቅ ዛጎሎችን ለቅማ፣ ማንም ሰው ጽፎ ያላስቀመጠውን የዝናብ ታሪክ ትናገር ነበር። ቤት ስትመጣ ጥፍሯ ሥር ጭቃ አይጠፋም። ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ አብሮን ይኖር ነበርና ምግብ ሲቀርብ እጇን እያየ «ስንት ሺህ ዓመት ይዘሽ ነው የመጣሽው፣ ታጠቢ እንጂ» ይላታል።

አጎቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ እናቴ መሥሪያ ቤት በር ላይ የሚያወርደኝ እሱ ነበር። እዚያ ፌርማታ የለም፤ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ እሱ ግን የእህቱን ልጅ በእግሯ ሁለት አስፋልት ከማሻገር ቢከሰስ ይሻለዋል። ወርጄ፣ የምድር ቤቱን ደረጃ ተንደርድሬ እወርድና በረጅሙ መተላለፊያ እሮጣለሁ። በመተላለፊያው ጫፍ ቀዝቃዛው ክፍል አለ። ወፍራም የብረት በር አለው፤ በሩ ላይ መዳፍ የምታክል መስታወት አለች፤ ውስጡ ክረምት ከበጋ አራት ዲግሪ ነው። ጭቃው እንዳይደርቅና እንዳይሻግት የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ከጎኑ የመጋዝ ክፍሉ ነው። ቱቦዎቹን ከላይ እስከ ታች ለሁለት የሚሰነጥቃቸው ሰውዬ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጢሙ ውስጥ የፕላስቲክ ብናኝ የማይጠፋ ሰው ነበር። ሁሉም «ጋሽ መጋዝ» ይለዋል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ከሰነጠቀው አንዱ ግማሽ የሥራ ነው፤ ይለካል፣ ይቆረጣል፣ ይመረመራል። ሌላው ግማሽ ተቀማጭ ይባላል፤ በላስቲክ ይጠቀለልና የኋላ መደርደሪያ ላይ ይተኛል፤ ዳይሬክተሩ ካልፈረመበት ማንም አይከፍተውም። የማይከፈት ከሆነ ምን ይሠራል ብዬ እናቴን ጠይቄያት ነበር። እኛ ስንሳሳት ሌላ ሰው መጥቶ እንዲያርመን ነው አለችኝ። አልገባኝም፤ ትልልቅ ሰዎች ይሳሳታሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት እናቴ ከሐይቁ ጥልቅ ቦታ የወጣውን ጭቃ ይዛ ነበር። እሱን ለማውጣት ሁለት በጋ ፈጅቶባቸዋል፤ መቆፈሪያውን የተሸከመው ትልቅ ጀልባም ተመልሶ ስለሄደ ሌላ ማውጣት አይቻልም። ከሌሎቹ ቱቦዎች ሁሉ የሚበልጥባት ለዚህ ነው። የሐይቅ ዳር እንኳንስ በድርቅ፣ በየበጋውም ይሸሻል፤ መሃሉ ከደረቀ ግን ሐይቁ አልቋል ማለት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ጠርታኝ አሳየችኝ። በግራጫው ጭቃ መሃል፣ የትንሿ ጣቴን ውፍረት የምታክል ነጭ መስመር ከዳር እስከ ዳር ተዘርግታለች። «ደርቆ ያውቃል» አለችኝ፣ ለረጅም ጊዜ ሲፈልገው የከረመውን ሰው መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው ፊቷ በርቶ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን እንዳስደሰተን ግን አላወቅኩም።

ከዚያ ጀምሮ ቤታችን ተለወጠ። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ላይ እናቴና አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ። ድምፅ ዝቅ ሲል የልጅ ጆሮ እንደሚቆም ትልልቆች ለምን እንደሚረሱት አላውቅም። ኮሚሽን የሚባል ነገር አለ። ፊርማ የሚባል ነገር አለ። አጎቴ አንድ ቀን ፈርማ ብትገላገል ምን እንደሚጎድልባት ጠየቃት፤ እሷም ዳቦውን አስቀምጣ፣ አንተ ቀይ መብራት ላይ ተሳፋሪው ሁሉ አረንጓዴ ነው ቢልህ ትነዳለህ ወይ አለችው። አጎቴ እሱ ሌላ ነው አለ፤ ሻዩንም ሳይጨርስ ወጣ።

በሳምንቱ እናቴን ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ አገኘኋት። ሌላ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ገብታ የምትወጣበት ክፍል ነው፤ አሁን ግን ወፍራም ካፖርቷን ለብሳ፣ ጠረጴዛና ወንበር አስገብታ፣ ውላ ነበር። በማግስቱም እዚያው ነች። በሦስተኛውም ቀን። በሩ ላይ ጋሽ መጋዝ በርጩማ አስቀምጦ ይቀመጣል። ስደርስ ይነሳና በሩን ሦስቴ ያንኳኳል፤ ሰፊ ጀርባው ይጋርደኛል፤ ቁልፍ ቀጭ ሲል እሰማለሁ፤ ከዚያ ይከፈታል። ስገባ ተመልሶ ቀጭ ይላል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እናቴ ካፖርቷን ታወልቅና አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን።

እኔ ይህንን ሥርዓት በደንብ አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ያጠፋ ልጅ ለብቻው እዚያ ይቀመጣል፤ በር ላይ አንድ የክፍል አለቃ ይቆምበታል፤ «አጥፍቻለሁ» ሲል ይወጣል፤ ካላለም ደወል ሲደወል ወደ ቤቱ ይሄድና በማግስቱ ተመልሶ ይገባል። ከእኛ ክፍል ግትሯ የምንላት ልጅ አንድ ሳምንት ሙሉ ተመላልሳባታለች። ስለዚህ እናቴ ጥፋት ሠርታለች። ጋሽ መጋዝ ዘበኛዋ ነው። የፈረደባት ደግሞ ዳይሬክተሩ ነው።

ዳይሬክተሩ ነጭ ፀጉር ያለው፣ ሲራመድ ድምፅ የማያሰማ ሽማግሌ ነው። እናቴን ዩኒቨርሲቲ ያስተማራት እሱ ነው፤ ስለዚህ እሱ አንቺ ይላታል፣ እሷ እርስዎ ትለዋለች። አንድ ቀን መተላለፊያው ላይ ስደርስ በብረቱ በር ላይ ግንባሩን ሊያስደግፍ ምንም አልቀረውም፤ በትንሿ መስታወት እያነጋገራት ነው። ከግድግዳው ተለጥፌ ሰማሁ።

«ልጄ፣ ውጪ በሞቴ። አንዲት መስመር ናት። እሷን ብትተያት ሁላችንም እንገላገል ነበር።»

ከውስጥ የእናቴ ድምፅ ታፍኖ ወጣ። «አልወጣም» አለች።

ስለዚህ እናቴም ግትር ነች። ጥፋቷ መስመሯ ናት፣ ትቻታለሁ ብትል ትወጣለች፣ እሷ ግን አልልም ብላለች። ቅዝቃዜው አፍንጫዋን አቅልቶታል፤ ስታቅፈኝ ጣቶቿ እንደ ውሃ ቧንቧ ይቀዘቅዛሉ። ማታ ማታ ትስላለች። አዘንኩላት፤ ደግሞም አፈርኩባት። ለምን አጥፍቻለሁ ብላ አትወጣም?

የዛሬዋ እኔ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። በሩ የሚቆለፈው ከውስጥ ነበር። ሐይቁ ዳር አዲስ ከተማ ሊቆረቆር፣ የሚጠጣውም የሚታጠበውም ውሃ በሙሉ ከዚያ ሐይቅ ሊቀዳ ነበር። ኮሚሽኑ ከእናቴ የፈለገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሐይቁ ከተፈጠረ ጀምሮ ደርቆ አያውቅም የሚል፣ ከሥሩ ፊርማዋ ያለበት። እሷ ደግሞ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት ዝናቡ ቀርቶ፣ ሐይቁ እስከ መሃሉ ደርቆ፣ ወለሉ ላይ ጨው ብቻ እንደቀረ የምታሳይ መስመር በእጇ አለች። አንድ ጊዜ ከደረቀ ሌላ ጊዜም ሊደርቅ ይችላል፤ ሌላ የውሃ ምንጭ ሳታዘጋጁ ያን ያህል ሕዝብ አታስፍሩበት ነው ያለችው። አልፈርምም ባለች በሳምንቱ ቀዝቃዛው ክፍል ለሌላ ሥራ ይፈለጋል ተባለ፤ ቱቦዎቹም ከከተማ ውጪ ወዳለ የቆርቆሮ መጋዘን እንዲዛወሩ ትእዛዝ ወጣ። በዚያ ሙቀት ጭቃው በሁለት ሳምንት ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ መስመሯ ከስንጥቁ ጋር ትፈራርሳለች። እናቴ ኮሚሽኑ መጥቶ በዓይኑ እስኪያያት ድረስ ብላ፣ ጠዋት ገብታ ትቆልፋለች፣ ቱቦዎቹን ሊወስዱ የተላኩት ጫኞች ወደየቤታቸው ሲሄዱ ትወጣለች። ጋሽ መጋዝ በር ላይ የሚቀመጠው እሷን ሊጠብቅ ሳይሆን ጫኞቹን ሊመልስ ነበር። ሁለት ጊዜ መልሷቸዋል፤ እንዴት እንደመለሳቸው ግን ነግሮን አያውቅም።

ይህንን ማንም አልነገረኝም። ልጅ እንዳይጨነቅ ተብሎ ነው። ልጅን ከጭንቀት ለማዳን ምንም አለመንገር ትልልቅ ሰዎች ካወጧቸው ዘዴዎች ሁሉ የከፋው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ልጅ ባዶ ቦታ አይወድም፤ ያልነገሩትን ከራሱ ይሞላዋል።

ኮሚሽኑ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እናቴ የጥልቁን ጭቃ የሥራ ግማሽ ጠረጴዛው ላይ አውጥታ፣ ላስቲኩን ገልጣ፣ በአጉሊ መነጽር ለመጨረሻ ጊዜ ስታየው ደረስኩ። ብዙም ሳንቆይ የዳይሬክተሩ ጸሐፊ መጥታ ከኮሚሽኑ ስልክ እንዳለ፣ እናቴ ራሷ መቅረብ እንዳለባት ነገረቻት። እናቴ አመነታች። ከዚያ ጋሽ መጋዝን ከበሩ እንዳይንቀሳቀስ፣ እኔን ምንም እንዳልነካ አዝዛ ወጣች። በሩ ተዘጋ። እኔና መስመሯ ብቻችንን ቀረን።

እንዲህ ያለ ዕድል እንደማይደገም አውቄዋለሁ። ከምሳ ዕቃዬ ማንኪያዬን አወጣሁ። አላመነታሁም፤ ይህንን በኩራት ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ እናቴን ከእስር ላወጣ የተነሳሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የማንኪያውን ጫፍ ከመስመሯ ላይ አሳርፌ ፋቅኩ። ከጭቃው ይልቅ ትጠነክራለች፤ ስኳር ሲፋቅ የሚሰማውን ድምፅ ታሰማለች። ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር ጠርጌ አወጣኋት። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው ምን ብትሆን ነው ብዬ ትንሽ ቀመስኳት፤ ጨው ጨው ትላለች፣ መረር ያለ ነገርም አለባት። ግራጫውንም ለማነጻጸር ቀመስኩት፤ እሱ ምንም አይልም። ከዚያ በመጋዝ ጊዜ የተራረፈ ጭቃ ከሚጠራቀምበት ባልዲ ዘግኜ ጉድጓዱን ሞላሁት፣ በማንኪያው ጀርባ አለሰለስኩት፣ ላስቲኩንም እንደነበረ መለስኩ። ነጩን በምሳ ዕቃዬ ይዤ ሽንት ቤት ሄድኩና ውሃ ለቀቅኩበት።

እናቴ ስትመለስ ቱቦውን ተሸፍኖ ስላየችው እኔ በሥርዓት መሸፈኔን ወዳልኝ ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። በአውቶቡስ ወደ ቤት ስንሄድ ከሳምንታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታንጎራጉር ሰማኋት። ነገ ትፈታለች፣ እስካሁን ግን አላወቀችም ብዬ ከመስኮቱ አጠገብ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ስደርስ የብረቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጥ ሰው ሞልቷል። ሆዱ የካፖርቱን ቁልፎች የሚፈትን የኮሚሽኑ ሰብሳቢ አለ፤ አጭር፣ ጫማዋ ጭቃ የነካው፣ ማስታወሻ የያዘች መሐንዲስ አለች፤ ዳይሬክተሩ አለ፤ ጋሽ መጋዝ ከኋላ ቆሟል። እኔ ከእናቴ ካፖርት ጎን ቦታዬን ያዝኩ። ማንም ውጪ አላለኝም። እናቴ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዛጎሎቹ፣ ስለ ጥልቁ ቦታ አስረዳች፤ ድምፅዋ የጠራ ነበር። ከዚያ ላስቲኩን ገለጠችና «ይኸውላችሁ» አለች።

እጇ ላስቲኩን እንደያዘ ቀረ።

ነጯ በነበረችበት ቦታ ትንሽ የሚያብረቀርቅ፣ የማንኪያ ጀርባ ያለሰለሰው ጭቃ ተኝቷል። ሰብሳቢው መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለና የቱ እንደሆነ ጠየቀ። እናቴ አጉሊ መነጽሩን አንስታ ቦታውን ፈለገች። ጋሽ መጋዝ በትከሻዋ በኩል አየት አደረገው፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። የእናቴ ፊት እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ተፈታሽ እኮ፣ ለምን እንዲህ ትሆኛለሽ ልላት ፈለግኩ።

ዳይሬክተሩ መጀመሪያ እሱም ክው አለ። ከዚያ ግን ቀስ በቀስ ፊቱ ላይ እፎይታ ሲመጣ አየሁት። በለዘበ ድምፅ መናገር ጀመረ። ባልደረባችን በዚህ ብርድ ውስጥ ሳምንታት ቆይታለች፣ ደክማለች፣ ማንንም መውቀስ አያስፈልግም አለ። በቃለ ጉባኤው ላይ በዚህ ናሙና የመድረቅ ምልክት አልታየም ተብሎ ይጻፍ፤ እሱም እውነት ነው፣ ሁላችንም ቆመን የምናየው ነው፤ በዚሁ ይዘጋ አለ። ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ይህንንም ዛሬ ነው የማውቀው። ተቋሙ እንዳይዘጋ፣ የቀድሞ ተማሪውም ከሥራ እንዳትባረር ለሁለቱም አንድ መውጫ ያገኘ መስሎት ነበር።

እናቴ ድምፅዋን ሳታነሳ ማን እንደነካው ጠየቀች። እንደ ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ። እኔ ነኝ፣ በማንኪያ፣ አልኩ። ለምን አለችኝ።

«እንድትወጪ» አልኳት።

ሰብሳቢው ሳቀ። ዳይሬክተሩ ግን ጉልበቱ እየተንቋቋ ፊቴ ተቀመጠ፤ ሁለት እጆቼን ያዘ። እጁ ሞቃት ነበር።

«ልጄ፣ አትፍሪ፣ ማንም አይቆጣሽም» አለኝ። «አንቺ የፋቅሽው ጭቃ ነው፣ አይደል? ነጭ ነገር አላየሽም፣ አይደል?» ይህን እያለ እሱው ራሱን ይነቀንቅልኛል።

ጥያቄው በደንብ ገብቶኛል። አላየሁም ካልኩ ሁሉም ነገር ያልቃል፤ እናቴ ካፖርቷን አውልቃ ከእኔ ጋር ወደ ቤት ትሄዳለች፤ ጋሽ መጋዝ በርጩማውን ይዞ ይሄዳል። ወደ እናቴ ቀና አልኩ፤ ምን እንድል እንደምትፈልግ ከፊቷ ላገኝ። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ራሷን አልነቀነቀችም፣ በዓይኗም አልጠቀሰችኝም። ሁለት እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቆመች። ያን ጊዜ የተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር። ሸምግላ፣ መኝታዋ አጠገብ ተቀምጬ ስጠይቃት ነው የመለሰችልኝ፤ ቅንድቤን ባንቀሳቅስልሽ ቃሉ የእኔ ይሆን ነበር፣ የእኔን ቃል ደግሞ የሚሰማ አልነበረም አለችኝ።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ጀግና አልነበርኩም፤ እውነትን የምወድ ልጅም አልነበርኩም፤ ከአንድ ቀን በፊት ያን ሁሉ ደብቄ ፈገግ ያልኩ ልጅ ነኝ። የሆነው ሌላ ነው፤ ተናደድኩ። በገዛ ዓይኔ ያየሁትን፣ በምላሴ የቀመስኩትን፣ እጄን ይዞ፣ በፍቅር አላየሽም ይለኛል። እናቴ እዚያው ታስራ እንደምትቀር አውቄ፣ እንባዬ እየመጣ፣ እጄን ከእጁ መንጭቄ ተናገርኩ።

«ነበረ» አልኩ። «ይህቺን ጣቴን ያክላል። ጨው ጨው ይላል። ትንሽም ይመራል።»

መሐንዲሷ ማስታወሻዋን ስትጽፍ ነበር። ብዕሯ ቆመ።

«ቀመስሽው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ግራጫውንስ?»

«ግራጫውንም። እሱ ምንም አይልም።»

መሐንዲሷ እኔን ትታ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረችና የዚህ ቱቦ ሌላኛው ግማሽ የት እንዳለ ጠየቀችው። ዳይሬክተሩ ከተቀመጠበት እየተነሳ፣ ተቀማጭ በቀላሉ እንደማይከፈት፣ ሥርዓት እንዳለው፣ ፎርም እንደሚሞላ፣ ቀናት እንደሚፈጅ ማስረዳት ጀመረ። እናቴ እጇን ከኪሷ አወጣች። የታጠፈ ወረቀት ነበር።

«ፎርሙ ይኸው» አለችው። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞልቼ ይዤዋለሁ። የጎደለው የእርስዎ ፊርማ ነው። ያላዩትን አይፍረሙ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እንግዲህ አሁን ይዩና ይፈርሙ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ መልሶም አነበበው። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ፤ መሐንዲሷ ዳይሬክተሩን አየች። በመጨረሻ ወረቀቱን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስደግፎ ፈረመ፤ ፈርሞም ወደ ግድግዳው ዞረ። ጋሽ መጋዝ ፊርማው ሳይደርቅ ከኋላ መደርደሪያ ተቀማጩን ተሸክሞ መጥቶ ነበር። ላስቲኩን በቢላ ሰነጠቀው፤ ገለጠው።

እዚያ ነበረች። ከዳር እስከ ዳር፣ ንጹሕ፣ እኔ ከፋቅኳት ይበልጥ የነጣች። መሐንዲሷ ጣቷን ወደ መስመሯ ስትዘረጋ እናቴ እጇን ያዘቻትና «ይህቺ አትቀመስም» አለቻት። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ሁሉ መተንፈስ የጀመረው። እኔ ግን አልቅሼ አልጨረስኩም ነበር፤ ካፖርቷን ጎትቼ አሁን ይፈቱሽ እንደሆነ ጠየቅኳት። እናቴ ከሌላ ኪሷ የብረቱን በር ቁልፍ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ማን አሰረኝና አለች፣ እኔ ነኝ የቆለፍኩባቸው።

ቁልፉን እያገላበጥኩ ለረጅም ጊዜ አየሁት። እስካሁን የማውቀው ነገር ሁሉ ተገልብጦ በእግሩ ቆመ።

እናቴ ዋጋውን ከፍላለች። ወሩ ሳያልቅ ከክፍል ኃላፊነቷ ተነሳች፤ ለጀማሪዎች እንድታስተምር ተመደበች፤ ሐይቁ ላይም ዳግመኛ አልሠራችም። ሪፖርቱ ግን መስመሯን ይዞ ወጣ፤ የመሐንዲሷ ፊርማ ከሥሩ አለ። ከተማው ተሠራ፤ ከመሠራቱ በፊት ግን ከኮረብታው ሥር ጉድጓዶች ተቆፈሩለት። ሐይቁ ካለፉት አምስት ዓመታት ወዲህ ከዳሩ ሸሽቷል፤ ሰዉ የሚጠጣው ከጉድጓዶቹ ነው። የጉድጓዶቹን ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚያ የለም፤ እኔም ሄጄ አልነገርኳቸውም። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ ተበድያለሁ ብላ አታውቅም። እኔ ልበልላት፤ ተበድላለች።

ወደዚያ ከሰዓት ልመለስ። እንግዶቹ ሊወጡ ሲሉ እናቴ ከመደርደሪያው በክር የተንጠለጠለውን የቱቦውን ደብተር አወረደች። ቱቦው ላይ የሚደርስ ነገር ሁሉ የሚጻፈው እዚያ ነው፤ ማን እንደቆረጠው፣ ማን እንደጣለው፣ በየትኛው ቀን። እዚያ ደብተር ላይ የተጻፈ አይፋቅም። ዳይሬክተሩ ከግድግዳው ዞረና የልጅቷ ስም እንዳይገባ ለመነ፤ በአያያዝ ጉድለት ብለሽ ጻፊው፣ ልጅ ናት፣ ዕድሜ ልኳን ይከተላታል አለ። ከልቡ ነው ያለው። እናቴ ብዕሩን ለእኔ ሰጠችኝ። ቀኑን ጻፍኩ፣ እሷ የነገረችኝን ጥልቀት ጻፍኩ፣ ስሜን ጻፍኩ፣ በማንኪያ እንደፋቅኩት ጻፍኩ። ጨርሻለሁ ብዬ ብዕሩን ስመልስላት አነበበችውና ግማሹ ነው አለችኝ፤ ያየሽውንም ጻፊ።

ዳይሬክተሩ በቃ፣ ልጅቷን ተያት አለ፤ ብዕሩንም ከእጄ ሊወስድ እጁን ዘረጋ።

«የፋቀችው እሷ ናት፤ የመሰከረችውም እሷ ናት» አለች እናቴ። «ሁለቱም ይጻፍ።»

የተዘረጋውን እጅ በክርኔ ገፋ አደረግኩና ጻፍኩ።